መድኃኒት የተላመደ የጨጓራ ባክቴሪያና ከዕፅዋት የሚገኙ ውሑዶች፦ ማስረጃው እስከ ምን ይዘልቃል?

ጦስኝ (ክሩን የከፈተች)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ተሳታፊዎች። ባለፉት ሁለት ዓመታት ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ ለማጥፋት ኦሜፕራዞል፣ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ያለበትን ሕክምና አንድም ቀን ሳላጓድል ሁለት ጊዜ ወስጄ ጨርሻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሕመሙ ለጥቂት ሳምንታት ጋብ ካለ በኋላ ተመልሶ መጣ። ከአንድ ወር በፊት የሄድኩበት ክሊኒክ ደሜን ከመረመረ በኋላ «አሁንም አለብሽ፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶታል» ብሎ ያንኑ መድኃኒት ለሦስተኛ ጊዜ ጻፈልኝ። እኔም ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ እንደያዝኩ አልገዛሁትም።

እናቴ በበኩሏ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥቁር አዝሙድ ደቁሳ በማር ለውሳ በየማለዳው በባዶ ሆዴ ታስልሰኛለች። ጎረቤታችን ነጭ ሽንኩርት ይሻላል ትላለች፤ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ እርድ በሞቀ ውኃ ትመክረኛለች። ሌሊት ተቀምጬ ሳነብ፣ አንቲባዮቲክ የተላመደውን ባክቴሪያ ሳይቀር የሚገድሉ የዕፅዋት ውሑዶች በላቦራቶሪ እንደተገኙ የሚናገሩ ብዙ ጽሑፎች አገኘሁ። ነገሩ እውነት ከሆነ ለምን ሐኪሞች አይሰጡንም? እውነት ካልሆነስ ለምን በሳይንስ መጽሔት ይታተማል? «እኔን አድኖኛል» የሚል ምስክርነት ከሰፈሬም አላጣሁም፤ ከእናንተ የምፈልገው በሰው ላይ ተሞክሮ የተገኘውን ነው።

ማይክሮስኮፕ

ጥያቄዎ ሁለት ጥያቄዎችን አንድ ላይ አስሯል፤ እኔ በምሠራበት በላቦራቶሪው በኩል ያለውን ልፍታ።

በመጀመሪያ «ተላምዷል» ሲባል ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ክላሪትሮማይሲን ባክቴሪያው ፕሮቲን በሚሠራበት ራይቦዞም ላይ ተጣብቆ ሥራውን የሚያስቆም መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ በሚጣበቅበት 23ኤስ በተባለው አርኤንኤ ላይ አንዲት ፊደል ብትለወጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየውም በ2143ኛው ቦታ ላይ ኤ በጂ ስትተካ ነው፣ መድኃኒቱ የሚይዘው ነገር ያጣል። ሜትሮኒዳዞል ደግሞ ሲዋጥ ገና መርዝ አይደለም፤ ባክቴሪያው ውስጥ ገብቶ በባክቴሪያው በራሱ ኢንዛይም ከተለወጠ በኋላ ነው መርዝ የሚሆነው። ያንን ኢንዛይም የሚሠራው ጂን ሲበላሽ መድኃኒቱ ሳይነቃ ያልፋል። እንደኛ ባለ፣ ሜትሮኒዳዞል ለአሜባና ለጃርዲያ ያለ ምርመራ ሳይቀር በሚዋጥበት አገር ሰው የጨጓራውን ባክቴሪያ ሳያውቅ ለዓመታት ሲያለማምደው ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ክላሪትሮማይሲንን የተላመደውን ኤች ፓይሎሪ አዲስ መድኃኒት ከሚፈለግላቸው ባክቴሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የዕፅዋት ውሑዶች የሚመቱት ግን ሌላ ቦታ ነው። ከነጭ ሽንኩርት የሚገኘው አሊሲን ድኝ የያዙ የፕሮቲን ክፍሎችን ያጠቃል። ሌሎቹ የባክቴሪያውን ሽፋን ይቀድዳሉ፤ ከጨጓራ ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቅ ያደርጋሉ፤ ወይም ባክቴሪያው ዩሪያን ወደ አሞንያ እየለወጠ ከአሲድ የሚከለልበትን ዩሬዝ የተባለ ኢንዛይም ያግዳሉ። ስለዚህ በራይቦዞሙ ላይ የተለወጠችው ያቺ አንዲት ፊደል ለባክቴሪያው ምንም አትጠቅመውም። ባክቴሪያው በሚያድግበት የላቦራቶሪ ሳህን ላይ የተላመደውም ያልተላመደውም እኩል ቢሞት ሊያስደንቀን አይገባም፤ «የተላመደውን ሳይቀር ይገድላል» የሚለው ርእስ እውነት ሆኖ ሳለ ከሚሰማው ያነሰ ነገር ነው የሚናገረው።

ቀሪው ችግር ሳህኑ ጨጓራ አለመሆኑ ነው። በሳህን ላይ ውሑዱና ባክቴሪያው ለሦስት ቀን ያህል አብረው ይቆያሉ፤ አሲድ የለም፤ ምግብ የለም፤ የሚያጥብ ፈሳሽ የለም። በጨጓራ ውስጥ የተዋጠው ነገር በሰዓታት ውስጥ ወደ አንጀት ይወርዳል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ከልጋጋማው ሽፋን ሥር፣ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ነው የሚኖረው። አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ከአንጀት ወደ ደም ገብተው ከግድግዳው በስተጀርባም ይደርሱበታል። የእርድ ዋና ውሑድ የሆነው ኩርኩሚን ግን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ነው። በመጠንም ቢሆን፣ ያልተላመደን ባክቴሪያ ለመግታት ለክላሪትሮማይሲን በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1 ማይክሮግራም በታች ሲበቃ፣ ብዙ የቅጠልና የሥር ጭማቂዎች የሚለኩት በሚሊግራም ነው። ልዩነቱ ሺህ እጥፍ ነው ማለት ነው። የሚያነቧቸው ጽሑፎች ላይ «ማይክሮ» ይሁን «ሚሊ» የሚለውን ብቻ መመልከት ብዙውን ገለባ ከፍሬው ይለይልዎታል።

ፋርማሲስት ከጎንደር

እህቴ፣ ከዕፅዋቱ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። «አሁንም አለብሽ» የተባሉት በደም ምርመራ ነው ብለዋል። ያ ምርመራ የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነትዎ ለባክቴሪያው ያዘጋጀውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ እሱም ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ሕክምና መሥራት አለመሥራቱን በእርሱ ማወቅ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የኢትዮጵያ ጥናቶች ድምር ትንታኔ ከተመረመሩት ሰዎች ውስጥ 52.2 በመቶ የሚሆኑት ባክቴሪያው እንደተገኘባቸው ያሳያል፤ ከግማሽ በላይ ሰው በሚያዝበት አገር የደም ምርመራ «ፖዘቲቭ» ማለቱ ብቻውን የሚነግረን ጥቂት ነው።

ትክክለኛው መንገድ ሕክምናው ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ የሰገራ አንቲጅን ምርመራ (የባክቴሪያውን የራሱን ቅንጣት በሰገራ ውስጥ የሚፈልገውን) ወይም የትንፋሽ ምርመራ ማድረግ ነው። ከምርመራው በፊት ለሁለት ሳምንት ኦሜፕራዞል መቆም አለበት፤ ካልቆመ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሕክምና የከሸፈ ሁሉ በመላመድ አይደለም። ኦሜፕራዞልን በጉበት ውስጥ የሚያፈርሰው ኢንዛይም በአንዳንድ ሰው ላይ እጅግ ፈጣን ነው። ለዚህ ፍጥነት ምክንያት የሆነውን የጂን ዓይነት የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ሲያደርጉ በስዊድናውያንና በኢትዮጵያውያን ላይ እኩል 18 በመቶ፣ በቻይናውያን ላይ ግን 4 በመቶ ብቻ ሆኖ አግኝተውታል። መድኃኒቱ ቶሎ ሲፈርስ አሲዱ በቂ አይቀንስም፤ አሲዱ ካልቀነሰ ደግሞ አንቲባዮቲኮቹ አቅም ያንሳቸዋል። እንዲህ ላለው ሰው የተሻለው መፍትሔ የአሲድ መቀነሻውን መጠን መጨመር ሊሆን ይችላል፤ ጥቁር አዝሙዱም ክላሪትሮማይሲኑም አይፈቱለትም።

ባክቴሪያው በእርግጥ ኖሮ ሁለት ጊዜ ከተረፈ ግን ያንኑ ክላሪትሮማይሲን ለሦስተኛ ጊዜ መድገም ስሕተት ነው። አለመግዛትዎ አልከፋኝም።

ደገኛው

ሁላችሁም የምትናገሩት በእውቀት ነው፤ ነገር ግን የአባቶቻችንን መድኃኒት በሳህንና በማይክሮግራም ስትመዝኑት አንድ ነገር የዘነጋችሁ ይመስለኛል። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ባያይ ኖሮ፣ እንዶድ የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎችን እንደሚገድል ማን ያውቅ ነበር? የውጭ አገር ላቦራቶሪዎች እኮ ለዓመታት አልተቀበሉትም ነበር። ቻይናዊቷ ቱ ዮዮም ብትሆን የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒንን ያገኘችው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ አንብባ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል የተሸለመችው በዚያ ነው። ትውልድ ተሻግሮ የመጣን ነገር «በሰው ላይ አልተሞከረም» ማለት እንዴት ይቻላል? የተሞከረው በሰው ላይ ብቻ እኮ ነው።

ማይክሮስኮፕ

ደገኛው፣ ሁለቱንም ምሳሌዎች እወዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን ወደ እኔ ያጋደሉ ይመስለኛል። እንዶድ የተሳካው ገዳይነቱ የተመሰከረበት ቦታና የሚፈለግበት ቦታ አንድ በመሆናቸው ነው፤ ቀንድ አውጣው በወንዙ ውስጥ ነው፣ እንዶዱም የሚጨመረው ወንዙ ውስጥ ነው። የፕሮፌሰር አክሊሉ ሳህን ራሱ ወንዙ ነበር። የጨጓራው ባክቴሪያ እንዲህ ያለ ዕድል አይሰጠንም። ቱ ዮዮም ቅጠሉን አፍልታ አላጠጣችም፤ ማፍላቱ ውሑዱን እንደሚያበላሸው ጠርጥራ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጣችው፤ ከዚያ በሰው ላይ ከመሰጠቱ በፊት ራሷና ባልደረቦቿ ወስደው ሞከሩት።

ስለ አባቶች ምልከታ ግን አንድ ከባድ ነጥብ አለ። ኮሶ ሲጠጣ የኮሶ ትሉ ሲወጣ ይታያል፤ ስለዚህ አያቶቻችን ኮሶ መሥራቱን በዐይናቸው ለማረጋገጥ ይችሉ ነበር። ኤች ፓይሎሪን ግን ከባሪ ማርሻልና ከሮቢን ዋረን በፊት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1982 በፊት፣ አሳድጎ ያየው ሰው አልነበረም። ጨጓራ የሚያስታግስ ዕፅ በምልከታ ሊታወቅ ይችላል፤ ተልባ ጨጓራን ማለስለሱን የማይመሰክር የለም። ይህን ባክቴሪያ የሚያጠፋ ዕፅ ግን በምልከታ ብቻ ሊታወቅ አይችልም፤ ሕመም መታገሱና ባክቴሪያ መሞቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

እንግዲህ ጠያቂዋ ወደፈለጉት፣ በሰው ላይ ወደተሞከረው ልሂድ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ባክቴሪያው ያለባቸውን 12 ሰዎች አንድ ቀን አሥር ፍንካች ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሌላ ቀን ስድስት የሚያቃጥል ቃሪያ ከምግብ ጋር አበላቸው፤ ለማነጻጸሪያም ቢስሙት የተባለውን ማዕድናዊ መድኃኒት ሰጣቸው። የትንፋሽ ምርመራውን ዝቅ ያደረገው ቢስሙቱ ብቻ ነበር። አሥር ፍንካች በላቦራቶሪ ባክቴሪያውን ድራሹን ያጠፋ ነበር፤ በሰው ሆድ ግን ያተረፈው ሽታውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው የግሪኳ የኪዮስ ደሴት ሙጫ ነው፤ ማስቲካ የምንለው ቃል ዘመድ የሆነው ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በሳህን ላይ ኤች ፓይሎሪን እንደሚገድል በታዋቂ የሕክምና መጽሔት ደብዳቤ ተጻፈለትና ዝናው ናኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ ስምንት ሕሙማን በቀን አራት ጊዜ አንድ አንድ ግራም ለ14 ቀን ወሰዱት፤ ስምንቱም ባክቴሪያው እንዳለባቸው ቀሩ። ኩርኩሚንም እንዲሁ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የጣልያን ጥናት ከሌሎች ደጋፊ ነገሮችና ከአሲድ መቀነሻ ጋር ለሰባት ቀን ቢሰጠው ከ25 ሰዎች የዳኑት 3 ናቸው። ሆኖም በዚያው ጥናት የብዙዎቹ የጨጓራ ሕመም ስሜት ቀንሷል፤ የሥራ ባልደረባዎ እርድ «አዳነኝ» ብትል አልዋሸችም ማለት ነው።

ጦስኝ

ጋሽ ማይክሮስኮፕ፣ ጋሽ ፋርማሲስት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ይቀረኛል። የእናቴ ጥቁር አዝሙድስ? ደግሞ ብሮኮሊ ላይ የሚገኝ ውሑድ አለ ሲባል አነበብኩ፤ እኛ ደግሞ በየቀኑ ጎመን እንበላለን፤ ዘመድ አይደሉም ወይ?

ፋርማሲስት ከጎንደር

ጥቁር አዝሙድ ከዚህ ክር ውስጥ የተሻለ ክብር የሚገባው ይመስለኛል፤ እናትዎ ቢያነቡት ደስ ይላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በሳውዲ የጨጓራና አንጀት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 88 ሰዎችን ለአራት ከፍሎ፣ አንዱን ቡድን በተለመደው ሦስት መድኃኒት፣ ሦስቱን ደግሞ በኦሜፕራዞልና በቀን 1፣ 2 ወይም 3 ግራም የጥቁር አዝሙድ ዱቄት አከመ። በመድኃኒቱ 82.6 በመቶ ሲድኑ፣ በ2 ግራም 66.7 በመቶ፣ በ1 ግራም 47.6 በመቶ፣ በ3 ግራም 47.8 በመቶ ድነዋል።

ቁጥሮቹን እንደ ገበያ ሰው እንያቸው። ከ1 ወደ 2 ግራም ሲጨመር ውጤቱ ይጨምራል፤ ከ2 ወደ 3 ሲጨመር ተመልሶ ይወርዳል። ይህ በእውነት የተፈጥሮ ጠባይ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ያሉት ሃያ ምናምን ሰዎች ብቻ ስለሆኑ አራት ሰው ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል ሥዕሉ ሁሉ ይለወጣል። እኔ የምወስደው ትምህርት ጥቁር አዝሙድ ምናልባት አንድ ነገር ያደርጋል፤ ከመድኃኒቱ ግን አይበልጥም የሚል ነው። ደግሞም የተሰጠው ከኦሜፕራዞል ጋር ነው፤ በማር ተለውሶ ለብቻው የተወሰደውን ይህ ጥናት አይመለከተውም። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ጥቁር አዝሙድ ሁለቱንም ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል በልክ ይሁን።

ማይክሮስኮፕ

ብሮኮሊውን ለእኔ ተዉልኝ፤ ከሁሉም የሚማርከኝ እርሱ ነው።

ውሑዱ ሰልፎራፌን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ከፈረንሳውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በ48 የኤች ፓይሎሪ ዝርያዎች ላይ ሞክረውት፣ ዘጠና በመቶ ለሚሆኑት በሚሊ ሊትር 4 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በታች በቂ ሆኖ ተገኘ፤ አንቲባዮቲክ የተላመዱትም ያልተላመዱትም ልዩነት አላሳዩም። በሴል ውስጥ የተደበቀውን ባክቴሪያ ሳይቀር ገደለ። «ሚሊ» ሳይሆን «ማይክሮ» መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ይህ ከተራ የቅጠል ጭማቂ ደረጃ ከፍ ያለ ነው።

ከዚያም በጃፓን 48 ሕሙማን ተመርጠው ግማሾቹ በቀን 70 ግራም የብሮኮሊ ቡቃያ፣ ግማሾቹ ሰልፎራፌን የሌለበትን የአልፋልፋ ቡቃያ ለስምንት ሳምንት በሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም፣ ብሮኮሊ በበሉት ላይ የትንፋሹም የሰገራውም ልኬት ቀንሷል፤ የጨጓራው ብግነት ምልክቶችም እንዲሁ። መብላቱን ካቆሙ ከሁለት ወር በኋላ ግን ልኬቶቹ ወደነበሩበት ተመለሱ። ባክቴሪያው ተጨቆነ እንጂ አልጠፋም።

እዚህ ላይ ከብዙ አንባቢ የሚያመልጥ ነገር አለ። የትንፋሽ ምርመራ የሚለካው የዩሬዝን ሥራ ነው። ሰልፎራፌን ደግሞ ዩሬዝን ራሱን የሚያሽመደምድ ውሑድ እንደሆነ በኋላ ታይቷል። ስለዚህ ባክቴሪያው በሕይወት ቆይቶ ኢንዛይሙ ብቻ ቢታገድ ምርመራው «ቀንሷል» ሊል ይችላል። ዩሬዝን የሚያግድ ዕፅ እየወሰደ የትንፋሽ ምርመራ የሚያደርግ ሰው ራሱን ሊያታልል ይችላል። የጃፓኑ ጥናት የሰገራ አንቲጅንንም መለካቱ የሚያስመሰግነው በዚህ ምክንያት ነው። ዕፅዋት ባክቴሪያውን «አጠፉ» የሚል ጥናት ባነብ ቀድሜ የማየው በምን ምርመራ፣ ካቆሙ ከስንት ሳምንት በኋላ የሚለውን ነው።

ወደ ጎመናችን ስንመጣ፣ የሐበሻ ጎመን በእርግጥ የብሮኮሊ ዘመድ ነው። ነገር ግን በውስጡ በብዛት ያለው ሲኒግሪን የተባለው ነው፤ ሲፈጭ ወይም ሲታኘክ የሚሰጠው ሰናፍጭን አፍንጫ የሚያቃጥለው ውሑድ ነው እንጂ ሰልፎራፌን አይደለም። ሁለቱም የሚወለዱት በቅጠሉ ውስጥ ባለ ኢንዛይም ነው፤ እኛ ደግሞ ጎመኑን እስኪበስል ቀቅለን ኢንዛይሙን ስለምንገድለው ከሁለቱም ብዙ አይተርፍልንም። ጎመን ለብዙ ነገር ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግን ልመሰክርለት አልችልም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ አሜሪካ የኖርኩት የጠያቂዋን ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ሕክምና ከሸፈብኝና ተስፋ ቆርጬ ከአንድ የዕፅዋት ሱቅ ያንን የኪዮስ ሙጫ በካፕሱል ለሁለት ወር ገዝቼ ዋጥኩ። ሆዴ ቀለል አለኝ፤ በሰገራ ምርመራው ግን ባክቴሪያው እንዳለ ተገኘ። ማይክሮስኮፕ የጻፈውን የስምንቱን ሰዎች ታሪክ ያኔ ባነበው ኖሮ ገንዘቤ በኪሴ ይቀር ነበር። እዚህ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያሉ ምርቶች መሥራታቸውን ሳያስመሰክሩ መሸጥ ይችላሉ፤ ካፕሱል ውስጥ መሆናቸው ለሰው መድኃኒት ያስመስላቸዋል።

በመጨረሻ የዳንኩት ቢስሙት፣ ቴትራሳይክሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና የአሲድ መቀነሻ ባሉበት የ14 ቀን ሕክምና ነው። ሰገራዬና ምላሴ ጠቁሮ ደንግጬ ነበር፤ ቢስሙቱ የሚያመጣው መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ለጀማሪ ታካሚ እንኳ በቅድሚያ የሚመክረው ይህንኑ ነው። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፦ በርበሪን የተባለው ቢጫ ካፕሱልስ? የቻይና ወዳጄ በአገራቸው በሐኪም ይታዘዛል አለኝ።

ፋርማሲስት ከጎንደር

ወዳጅዎ እውነቱን ነው። በርበሪን ከቻይናዊው ኮፕቲስ ሥርና ከበርበሪስ ቁጥቋጦዎች የሚገኝ ቢጫ ውሑድ ነው፤ የኋለኛው ዘመድ በእኛም ደጋ ይበቅላል። በዕፅዋት ውሑዶች ውስጥ በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንካራ የሰው ማስረጃ ያለው እርሱ ነው ብል አልሳሳትም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የቻይና ጥናት ከዚህ በፊት ያልታከሙ 612 ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ፣ ሁሉም አሞክሲሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና የአሲድ መቀነሻ ወሰዱ፤ ለግማሾቹ ቢስሙት፣ ለግማሾቹ በርበሪን ተጨመረ። በሁለቱም ቡድን 86 በመቶ አካባቢ ዳኑ።

ጥናቱ ያስተማረን በርበሪን የቢስሙትን ወንበር ሊይዝ እንደሚችል ነው። የአንቲባዮቲኩን ወንበር ግን አልያዘም፤ ለብቻውም አልተሰጠም። የዕፅዋት ውሑዶች ወደፊት የሚገቡበት በር ይህ ይመስለኛል፦ የአንቲባዮቲኩ ረዳት ሆነው፣ በጥቂት ሰዎች ሳይሆን በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ተለክተው። ጥንቃቄም አለው። በርበሪን በጉበት ውስጥ ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን ያግዳል፤ ስለዚህ ከሌላ መድኃኒት ጋር የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ መናገር አለበት። ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ሕፃን አይሰጥም፤ የጨቅላውን የወፍ በሽታ ሊያባብስ ይችላልና።

«ከተፈጥሮ የተገኘ አይጎዳም» የሚል ካለም አንድ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከሊኮሪስ ሥር ተሻሽሎ የተሠራው ካርበኖክሶሎን የጨጓራ ቁስልን በእርግጥ ያድን ነበር፤ ነገር ግን ጨው በሰውነት እያስቀረ፣ ፖታሲየም እያወጣ ግፊት ከፍ ስላደረገ ሌሎች መድኃኒቶች ሲመጡ ቦታውን ለቀቀ። የሠራውም የጎዳውም ያው ውሑድ ነበር።

ደገኛው

ማስረጃ ካላችሁ ማስረጃ ልጨምርላችሁ፤ ይህን ለምን እንደዘለላችሁት አላውቅም። በቻይና ሻንዶንግ አውራጃ፣ ሊንቹ በተባለ የጨጓራ ካንሰር በበዛበት አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ከ3,300 በላይ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ተደርጓል። ለሰባት ዓመት ተኩል ገደማ የነጭ ሽንኩርት ተዋጽኦ የወሰዱት ሰዎች ከ22 ዓመት ክትትል በኋላ በ2019 ሲታዩ በጨጓራ ካንሰር የሞቱት ቀንሰዋል። ይህ አሥር ፍንካች ለአንድ ቀን አይደለም።

ማይክሮስኮፕ

ያመጡት ጥናት ከዚህ ክር ውስጥ ትልቁ ነው፤ ቀድሜ ማምጣት ነበረብኝ። የተናገሩትም እውነት ነው፤ በነጭ ሽንኩርቱ ቡድን በካንሰሩ የሞቱት በሦስተኛ ያህል ቀንሰዋል። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የካንሰሩ መከሰት በነጭ ሽንኩርት መቀነሱ በስሌት አልጸናም፤ ለሁለት ሳምንት ብቻ በአሞክሲሲሊንና በኦሜፕራዞል የታከሙት ላይ ግን መከሰቱም መግደሉም ቀንሷል። እንዲሁም ነጭ ሽንኩርቱ ባክቴሪያውን አላጠፋም። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርት ለጨጓራ የሚጠቅመው በሌላ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ያ መንገድ ምን እንደሆነ ቢጠና ደስ ይለኛል። የክሩ ጥያቄ ግን የተላመደውን ባክቴሪያ ስለማጥፋት ነበር።

ደገኛው

ይህንን ተቀብያለሁ። ነጭ ሽንኩርቴን ግን አልተውም።

ጦስኝ

ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፤ ይቅርታ ዘገየሁ። ፋርማሲስቱ እንዳሉት ኦሜፕራዞሉን ሁለት ሳምንት አቁሜ፣ ሕመሙን በተልባ እየታገስኩ፣ ከዚያ በሌላ ቦታ የሰገራ አንቲጅን ምርመራ አደረግሁ። ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው። ሐኪሙም የደም ምርመራውን ወረቀት አይቶ «ይህ የድሮው ጠባሳ ነው» አለኝ። ሕመሙ ግን ስላልተወኝ በኢንዶስኮፒ እንድታይ ቀጠሮ ሰጥቶኛል።

እናቴ ግን ድሉን ለማንም አልሰጠችም። እስከ ምርመራው ዋዜማ ድረስ ጥቁር አዝሙዱን በየማለዳው ስታስልሰኝ ስለነበር፣ ባክቴሪያውን ያጠፋው እርሱ ነው ትላለች። ጋሽ ፋርማሲስት፣ ምን ልበላት?

ፋርማሲስት ከጎንደር

እንኳን ደስ ያለዎት። ጥቁር አዝሙዱን ከመጀመርዎ በፊት የሰገራ ምርመራ አልተደረገም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ሕክምና ያኔውኑ አጥፍቶት ይሁን ወይም የእናትዎ ማር ይሁን የምለይበት ነገር የለኝም። እኔ በመድኃኒቱ እወራረዳለሁ፤ እናትዎን ግን ተሳስተዋል ብዬ ልከራከራቸው አልችልም። ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ የኢንዶስኮፒውንም ውጤት ይጻፉልን።